ስለ አደረ ሩዝና ስለ ምግብ ቤቶቻችን

አንድ እህል ከአገሩ ወጥቶ ወደ ሌላ አገር በሚገባበት ጊዜ ዘሩ ብቻውን ቢመጣ በቂ አይሆንም። እንዴት እንደሚዘራ፣ እንዴት እንደሚታረም፣ እንዴት እንደሚፈለፈል፣ ከዚያም በኋላ ተቀቅሎ በድስት ውስጥ ለስንት ሰዓት ሊቀመጥ እንደሚቻል የሚያስረዳው ዕውቀት አብሮት መምጣት ይገባዋል። ወደ ፎገራ ሜዳ የገባው ሩዝ ግን የእርሻውን ትምህርት ይዞ ሲመጣ የወጥ ቤቱን ትምህርት ወደ ኋላ የተወው ይመስላል። ይህ ጉድለት በጤና ላይ የሚያመጣውን ጉዳት በሚመለከት፣ በበኩሌ የሚሰማኝን አሳብ ለዚህ ወርኃዊ ጽሑፍ አንባቢዎች ለማቅረብ እወዳለሁ።

የዕድሜ ባለጸጎች እንደሚያስታውሱት፣ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሞልተው ሜዳውን በሚያለብሱበት ጊዜ ውኃ የሚተኛበት መሬት ለሰብል የማይመች ነበረ፤ ከውኃው መሸሽ በኋላም ስሙ በአገር ሁሉ የታወቀው የፎገራ ከብት ይሰማራበት ነበር። በደርግ ዘመነ መንግሥት፣ በ1970ዎቹ ዓመተ ምሕረት፣ ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘንድ ሩዝን አስተዋወቁ። ገበሬው እስከ ዛሬ ድረስ ኤክስ-ጅግና እያለ የሚጠራው ዝርያ የዚያን ቦታ ስም ተሸክሞ ቀርቷል። ቀድሞ ውኃ በመጣ ቁጥር ይታዘንበት የነበረው መሬት ዛሬ ውኃ ሲዘገይ የሚታዘንበት ሆኗል። ሩዙ ከተነሣ በኋላም በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይበቅልበታል። በወረታ ከተማ የሩዝ መፈልፈያዎች ድምፅ የዘወትር ነገር ሆኗል፤ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም መቀመጫውን በዚያው አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2015 በጃፓን እርዳታ የተጀመረው ኢትዮራይስ የተባለው ሥራም ከዚሁ ምርምር ጋራ የተያያዘ ነበር። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልድያ የሚዘልቀው ጎዳና ሳይቀር የቻይናውያን መሐንዲሶች እጅ ያረፈበት በመሆኑ፣ የቻይና መንገድ ሲባል ይሰማል። እንግዲህ የእስያ ሰው ዕውቀት ለወረታ እንግዳ አይደለም ማለት ነው።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ባለፈው በጋ ከሁለት የአገሬ ሰዎች ጋራ ለጉዳይ አዲስ አበባ ሄደን ነበር። አንደኛው የሥራ ባልደረባዬ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው በሜዳው ላይ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሩዝ ሲያመርቱ የኖሩ አባት ናቸው። እኒህ አባት፣ «ዘሩን የሰጡን የሩቅ ምሥራቅ ሰዎች ናቸው፤ እነርሱ ራሳቸው እንዴት አድርገው እንደሚበሉት አንድ ቀን ሳላይ መሞት የለብኝም» ይሉ ስለ ነበረ፣ ምኞታቸውን ለመፈጸም ብለን ወደ አንድ የቻይና ምግብ ቤት ገባን። ስሙን መግለጽ አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም።

አዳራሹ ያማረ ነበረ። ቀይ ፋኖሶች ተሰቅለዋል፤ የጠረጴዛው ጨርቅ ታጥቦ ተተኩሷል፤ እጅ መታጠቢያው ሳሙናና ንጹሕ ፎጣ ነበረው። አሳላፊዋም ፀጉሯን በሥርዓት የሸፈነች ትሑት ልጅ ነበረች። በእንቁላልና በአትክልት የተጠበሰ ሩዝ አዘዝን። የመጣው ግን ከላዩ የሚፋጅ፣ ከመካከሉ ለብ ያለ፣ ፍሬው እንደ ጠጠር የደረቀ፣ በሶያ መረቅ ጠቁሮ በዘይት የሰከረ ነገር ነበር። አባታችን አንዲት ፍሬ በሁለት ጣታቸው ይዘው አሻሿትና ሰሐኑን ወደ ፊት ገፋ አደረጉት። ከዚያም ልጅቱን ጠርተው፣ «ልጄ፣ ይህ ሩዝ መቼ ነው የተቀቀለው?» ብለው ጠየቋት። እርሷም ምንም ሳትሸሽግ፣ «የትናንት ማታ ነው አባቴ፤ ለጥብስ የሚሆነው ያደረው ነው፤ የዛሬው ይጣበቃል» አለቻቸው። የት እንዳደረም ቢጠይቋት፣ ወጥ ቤት ውስጥ በጠረጴዛ ላይ ተሸፍኖ እንዳደረ ነገረቻቸው።

አባታችን ከሁለት ጉርሻ በላይ አልወሰዱም፤ እኔም ጣዕሙ ስላልተስማማኝ ጥቂት ቀምሼ ተውሁት። ባልደረባዬ ግን የተከፈለበት ምግብ አይጣልም ብለው የራሳቸውን ጨረሱ። ሦስት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ ባረፍንበት ቤት ውስጥ ሆዳቸውን ይዘው ያስታውኩ ጀመር፤ እስከ እኩለ ሌሊትም አላቋረጣቸውም። ጠዋት ደክመው ግን ድነው ሲነሡ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል፣ «የባዕድ ወጥ ድሮስ ምን ይታመናል!» የሚል ነበር።

በዚህ ፍርድ አልስማማም። ከእርሳቸው በፊትም ብዙ ሰው፣ ያውም የተማረ ሰው፣ እንደዚሁ ፈርዷል። እ.ኤ.አ. በ1968 ሮበርት ሆ ማን ኩዋክ የተባሉ ሐኪም በአሜሪካ አገር በሚታተመው ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ፣ በቻይና ምግብ ቤቶች ከበሉ በኋላ ስለሚሰማቸው የማጅራት መደንዘዝና የልብ መምታት አጭር ደብዳቤ ጻፉ። ምክንያቱ ምን ሊሆን እንደሚችል ልዩ ልዩ ግምት ሲሰጡ፣ ሞኖሶዲየም ግሉታሜት የተባለውን ማጣፈጫም ጠቀሱ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ የቻይና ምግብ ቤት ሕመም የሚል ስም ወጥቶለት በዓለም ተሠራጨ። በኋላ በተደረጉት ጥንቁቅ ምርመራዎች ግን፣ በተለመደው መጠን ከምግብ ጋራ የሚበላው ማጣፈጫ ይህን ሕመም ዘወትር እንደሚያመጣ ሊረጋገጥ አልቻለም። ስሙ ግን አንድ ጊዜ ወጥቷልና የአንድን ሕዝብ ማእድ ሲያስጠረጥር ብዙ ዘመን ኖረ።

እውነተኛው ጉዳይ የተገለጠው ከዚያ በጥቂት ዓመት ዘግይቶ ነው። ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በቻይና ምግብ ቤቶች የተጠበሰ ሩዝ የበሉ ሰዎች በጥቂት ሰዓት ውስጥ በብርቱ እያስታወኩ ወደ ሐኪም ይመጡ ጀመር። መርማሪዎች ሲከታተሉ ጥፋቱን በቅመሙም፣ በሥጋውም፣ በሠራተኞቹም እጅ ላይ አላገኙትም። ያገኙት በሰዓቱ ላይ ነው። ምግብ ቤቶቹ ብዙ ሩዝ በአንድ ጊዜ ቀቅለው፣ ውኃው እንዲንጠፈጠፍ ብለው በወጥ ቤቱ ሙቀት ውስጥ ከምረው ያሳድሩት ነበር። ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢገባ ፍሬው እርስ በርሱ ስለሚጣበቅ ይህን አይወዱትም ነበር። በማግሥቱም ለደንበኛው በትኩስ ዘይት ለጥቂት ደቂቃ አገላብጠው ያቀርቡታል። አሳላፊዋ ልጅ በቅንነት የነገረችን ቃል ከዚህ ጋራ አንድ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

የነገሩ አሠራር እንዲህ ነው። በአፈርና በእህል ላይ የሚኖር ባሲለስ ሴሪየስ የተባለ ባክቴሪያ አለ። ይህ ጀርም ኑሮ ሲከፋበት እንደ ዘር ያለ ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ይተኛል፤ በዚያ ጊዜ ስፖር ይባላል። ሩዝ በሚቀቀልበት ጊዜ ሌላው ጀርም ሁሉ ሲሞት፣ ስፖሩ ግን መፍላቱን ችሎ ሊያልፍ ይችላል። በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ውኃ እንኳ የማያጠፋውን፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ወረታ በ94 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው ውኃ ያጠፋዋል ብሎ ተስፋ ማድረግ አይቻልም። ከዚያም ሩዙ ከእሳት ወርዶ እየበረደ ሲሄድ፣ ርጥበቱ፣ ምግቡና ለብታው ሁሉ ተዘጋጅቶለት ስፖሩ ይነቃል፤ በ30 ዲግሪ አካባቢ ባለ ሙቀት በፍጥነት ይራባል። በሚራባበትም ጊዜ ሴሬዩላይድ የተባለ መርዝ ይተዋል። ብዙው ሰው የማያውቀውና ከሁሉ የከፋው ነገር፣ ይህ መርዝ ከ120 ዲግሪ በላይ ከአንድ ሰዓት ለሚበልጥ ጊዜ ቢሞቅ እንኳ አለመፍረሱ ነው። ስለዚህ ያደረውን ሩዝ እንደገና መጥበስ ጀርሙን ቢገድለውም መርዙን አይነካውም። ሽታም ጣዕምም የለውምና ምላስ አይለየውም። የበላው ሰው ከግማሽ ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ያስታውካል። ሌላው ዓይነት ደግሞ ጀርሙ በአንጀት ውስጥ በሚያወጣው መርዝ ምክንያት ከ6 እስከ 15 ሰዓት ቆይቶ ቁርጠትና ተቅማጥ የሚያመጣው ነው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን ወጥ ቤት እንመለስ። የኢትዮጵያ እመቤት ምግብ ማቆየትን የተማረችው ከእንጀራ ነው። ሊጡ በእርሾ ሁለትና ሦስት ቀን ኮምጥጦ፣ በጋለ ምጣድ ተጋግሮ፣ በመሶብ ውስጥ ሁለትም ሦስትም ቀን ይቆያል፤ ማንም ታሞበት አያውቅም። ይህ የሆነው በዕድል አይደለም። የእንጀራው ኮምጣጣነት እንደ ባሲለስ ሴሪየስ ያሉት ጀርሞች እንዳይራቡበት የሚከለክል አጥር ነው። በመጨረሻ ሲበላሽም በሻጋታ ይበላሻል፤ ሻጋታም በዓይን ይታያል፤ እናትም አይታ ትጥለዋለች። የእኛ ሰው ዓይኑን አምኖ መኖሩ በእንጀራ ዘንድ ትክክል ነበረ።

ሩዝ ግን አይኮመጥጥም፤ አይደርቅም፤ ሻጋታም ሳያወጣ ይመርዛል። ለእንጀራ የተለመደውን አኗኗር ለሩዝ መስጠት ማለት፣ አጥር ያለውን ቤት ልማድ ይዞ በሜዳ እንደ መተኛት ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በፎገራ ሩዝ ከጤፍ ጋራ ተፈጭቶ እንጀራ ይሆናል፤ ዳቦም ጠላም ይሆናል። ያው ሩዝ በሊጥ ውስጥ ኮምጥጦ ከተጋገረ በኋላ እንደ ማንኛውም እንጀራ በመሶብ ቢያድር የሚያሠጋ አይደለም። ያው ሩዝ በድስት ተቀቅሎ ሲያድር ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጎረቤቶቼ እመቤቶች «ሩዝ ሁልጊዜ እንበላለን፤ ምንም ሆነን አናውቅም» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ስለ እንጀራው ነው።

ሩዝን ለሺሕ ዓመታት የበሉት ሕዝቦችም ይህን ጠንቅ በመከራ ሳያውቁት አልቀሩም። ጃፓናውያን ለመንገድ የሚይዙትን የሩዝ ድቡልቡል በመካከሉ በጨው የተዘፈዘፈ ኮምጣጣ ፍሬ ይከቱበታል፤ ሱሺ ለሚባለው ምግባቸውም ሩዙን በኮምጣጤ ያሹታል። በቤንጋል አገር ያደረ ሩዝ የሚበላ ገበሬ በውኃ ዘፍዝፎ እንዲኮመጥጥ አድርጎ ያሳድረዋል። ከዚህ የተረፈው ልማዳቸው ለየማእዱ አዲስ ሩዝ መቀቀል፣ ያም ባይሆን እስኪበላ ድረስ ከፍ ባለ ሙቀት ማቆየት ነው። የእኛ እናቶች ለጤፍ ያገኙትን ጥበብ እነርሱ ለሩዝ አገኙት ማለት ነው። ስለዚህ በዚያ ምግብ ቤት የቀረበልን ሰሐን የቻይናን የምግብ ሥርዓት የሚወክል ሆኖ አልታየኝም፤ ብዙ ደንበኛ ለማስተናገድና ማገዶ ለመቆጠብ የሚደረግ የንግድ አቋራጭ ነው። ይህ አቋራጭ ደግሞ ዜግነት የለውም።

አቋራጩ በወረታም እንዳለ ማንም ያውቃል። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው ታላቅ መንገድ ላይ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ በሚገነጠልበት ቦታ ያለች የመንገደኛ ከተማ ናት። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምና በፍልሰታም፣ አውቶቡስ ሲቆም መንገደኛው ወርዶ ሩዝ በአትክልት ያዛል፤ ርካሽ ነው፤ ያጠግባል፤ ቶሎ ይቀርባል። ቶሎ የሚቀርበው ግን አስቀድሞ ስለተቀቀለ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት በትልቅ ብረት ድስት የተቀቀለው ሩዝ ክዳኑ ተገጥሞበት በማእዘን ይቀመጣል፤ የፎገራ ቀትር ደግሞ ሞቃት ነው፤ የድስቱም መካከል እስከ ማታ ለብ እንዳለ ይቆያል። ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚመጣው ሹፌር ከዚያው ይበላል። የተረፈው በማግሥቱ በዘይትና በሽንኩርት ተጠብሶ ይወጣል።

ምግብ ቤት ያላቸው ሰዎች ይህን ስነግራቸው፣ «እስከ ዛሬ አንድ ሰው እንኳ ታምሜያለሁ ብሎ ተመልሶ አልመጣም» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ወረታ ላይ የበላ መንገደኛ ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በኋላ ሲያስታውክ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ደርሷል፤ ወይም የጉና ተራራ አጠገብ በአውቶቡስ መስኮት አንገቱን አውጥቶ መንገዱ አዞረኝ ይላል። መንገደኛን የምታበላ ከተማ ያሳመመችውን ሰው አታይም። በቤቱ የሚታመመውም የፎገራ ሰው ቢሆን፣ አገሩ የወባ አገር ነውና ባስታወከ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስበው ወባን ነው። ወባ ዘወትር ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ማለት ጋራ ሲመጣ፣ የሩዙ መርዝ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳት የለውም። ይህን ልዩነት ማወቅ ይጠቅማል፤ ቢሆንም ትኩሳት ያለው ሰው በግምት ከመኖር ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ቢመረመር ይሻለዋል።

የምግብ ቤት ቁጥጥር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን፣ እነዚህ ሰዎች ከተማና ገጠር እየዞሩ የውኃ ጉድጓድን፣ መጸዳጃ ቤትን፣ ቄራንና ምግብ ቤትን ይመረምሩ ነበር። ያቆሙልን ሥርዓት ክቡር ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን በፎገራ ሩዝ አልነበረም፤ ስለዚህ የምርመራው ዝርዝር በሥጋ፣ በወተትና በውኃ ላይ የታነጸ ነው። ዛሬም ተቆጣጣሪው ወደ ምግብ ቤት ሲገባ የሚያየው የሠራተኞችን የጤና ምርመራ ካርድ፣ ነጩን ጋወን፣ የወለሉን መጠረግ፣ የመጸዳጃ ቤቱን ሁኔታ ነው። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። በአዲስ አበባው ምግብ ቤት ግን ይህ ሁሉ ተሟልቶ ነበር፤ ያልተሟላው አባታችን ለልጅቱ ያቀረቡላት አንድ ጥያቄ ነው። ተቆጣጣሪዎቻችን ድስቱን ከፍተው፣ «ይህ መቼ ተቀቀለ?» ብለው መጠየቅን ከዝርዝራቸው ላይ ቢጨምሩት፣ ከብዙ የወለል ማጠቢያ የበለጠ እንደሚጠቅም አምናለሁ። የምርምርና ሥልጠናው ማዕከልም ስለ ዘርና ስለ ፍልፈላ ገበሬውን እንደሚያስተምር ሁሉ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የወረታን ወጥ ሠሪዎች ሰብስቦ ስለ ድስቱ ቢያስተምር ከተግባሩ የራቀ አይሆንም።

ከባለ ምግብ ቤቶች የሚነሣው ብርቱ ተቃውሞ ስለ ብክነት ነው። በአገራችን የተረፈ ምግብ መጣል ነውርም ኃጢአትም ሆኖ ይታያል፤ ይህም የሚያስመሰግን ጠባይ ነው። እንጀራ ግን ለመዘጋጀት ቀናት የሚፈጅ ስለሆነ አስቀድሞ መጋገሩና መቆየቱ የግድ ነው፤ ሩዝ ከተጣደ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይበስላል። ታዲያ እንዲህ ቶሎ የሚደርስ እህል ለምን በሰታቴ ተቀቅሎ ይቆያል? ጠዋት አንድ ትልቅ ድስት ከመጣድ ለምሳ አንድ፣ ለራት አንድ መካከለኛ ድስት መጣድ የከሰሉን ወጪ ጥቂት ይጨምር ይሆናል፤ የሚጣለውን ሩዝ ግን ያስቀረዋል። የሒሳቡን ነገር እነርሱ ከኔ የተሻለ ያውቁታል፤ እኔ የምለው በሒሳቡ ውስጥ የታመመው መንገደኛም ይግባበት ነው።

ለማስቀረት ፈጽሞ ለማይፈልግ ሰው ደግሞ መንገድ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው የምግብ ጥንቃቄ ምክር መሠረት፣ የበሰለ ምግብ በተራ የቤት ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ መቀመጥ አይገባውም፤ እስኪበላ ድረስ ከ60 ዲግሪ በላይ ሞቆ፣ አለዚያም ከ5 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ መቆየት አለበት። ሩዙን በድስቱ እንዳለ ወደ ማቀዝቀዣ ማስገባት ዋጋ የለውም፤ ላዩ ሲቀዘቅዝ ልቡ ለብ እንዳለ ያድራልና። በሰፊ ትሪ ላይ በስሱ ተዘርግቶ፣ ንጹሕ ጨርቅ ለብሶ፣ እንፋሎቱ እንደ ወጣ ወዲያው ይግባ፤ በማግሥቱም ይበላ። መብራት የጠፋበት ሌሊት ግን ማቀዝቀዣው ከቁም ሣጥን አይለይም፤ በዚያ ሌሊት ያደረ ሩዝ ለጥብስ አይታሰብ።

ስለ ሠርግና ስለ ተዝካር ብዙ አልልም፤ ሰታቴው ከምግብ ቤቱ ድስት የበለጠ መሆኑንና እንግዳው እስከ ማታ መምጣቱን ደጋሹ ሁሉ ያውቃልና።

ምናልባት «እኛ ሩዝ አንቀቅልም፤ ፓስታና መኮሮኒ ነው የምንሠራው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይህ ጀርም በሩዝ ብቻ አይወሰንም። እ.ኤ.አ. በ2008 በብራስልስ ከተማ አንድ የ20 ዓመት ተማሪ ለ5 ቀን ከማቀዝቀዣ ውጭ የቆየ ፓስታ አሙቆ በልቶ፣ በዚያው ሌሊት ሕይወቱ አልፏል፤ ሐኪሞችም ጉዳዩን መርምረው ጽፈውታል። እንዲህ ያለው ሞት እጅግ ጥቂት ነው። ብዙው ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ይድናል። ይሁን እንጂ ለጠና ሰው የአንድ ሌሊት ሥቃይ የሆነው ነገር ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለሽማግሌ የሰውነትን ውኃ አሟጥጦ የከፋ አደጋ ሊሆን ይችላል። በተለይ ለሕፃናት ጡት ማስጣያ ሩዝ ለስላሳ ነው እየተባለ ጠዋት ተቀቅሎ ቀኑን ሙሉ በማንኪያ የሚሰጥበት ቤት ብዙ ነው። ከሆቴሉ ድስት ይልቅ የሚያሳስበኝ ይኸው ትንሹ የሕፃን ሳሕን ነው።

ሕፃኑ ካስታወከ ከጤና ጣቢያ ወይም ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሚገኘው ኦ.አር.ኤስ. በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ በጥቂት በጥቂቱ፣ በማንኪያ ይሰጠው፤ ጡት የሚጠባ ከሆነም ጡቱ አይከልከል። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ እንባ ካጣ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ወይም የሚሰጠውን ሁሉ የሚመልስ ከሆነ፣ እስኪነጋ ሳይጠበቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የወሰደችውም እናት ልጇ ምን እንደበላ ብቻ ሳይሆን፣ የበላው በስንት ሰዓት የተቀቀለ እንደሆነ ጭምር ለሐኪሙ ትንገር።

ለባለ ምግብ ቤቶች የማቀርበው ልመና ቀላል ነው። ድስቱ ከእሳት በወረደ ጊዜ ሰዓቱን በጠመኔ ክዳኑ ላይ ይጻፉት፤ ለምሳሌ «ሩዝ፣ 5 ሰዓት ተኩል» ተብሎ። ወጥ ሠሪዋ ብትለወጥ፣ አሳላፊው አዲስ ቢሆን፣ ባለቤቱም ወደ ገበያ ቢሄድ፣ ከ7 ሰዓት ተኩል በኋላ ድስቱን የሚከፍት ሰው ሁሉ ያነበዋል።